መብራት ሲገባ ዘፋኙ ለምን ሸመገለ? አሮጌ ጁክቦክስን በቤት ውስጥ ስለ መመርመርና ስለ መጠገን

(ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለጥሪ እንግዶች የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



ከእኔ በፊት በዚህ መድረክ ላይ የቆሙ መምህራን ስለ ታላላቅ ጉዳዮች ተናግረዋል። እኔ ዛሬ ይዤ የቀረብሁት የአንድ አሮጌ ሣጥን ታሪክ ነው። ሣጥኑ በማክሰኝት ከተማ፣ በአጎቴ ቡና ቤት ውስጥ ቆሞ የነበረ፣ ሳንቲም ሲጎርስ የተመረጠለትን ዘፈን የሚያሰማ፣ ጁክቦክስ የሚባል የአሜሪካ ሥሪት ማሽን ነው።

ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርሁ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ስለ ምርመራ፣ ስለ ማስረጃና ስለ ምክንያት ለተማሪዎቼ ብዙ ብያለሁ። ነገር ግን አንድን የተበላሸ ነገር ከመጠገን በፊት ማንበብ እንደሚገባ በእውነት የተረዳሁት በዚህ ሣጥን ላይ ስሠራ ነው። የተረዳሁትም በማጥፋት ነው። ስለዚህ ንግግሬን በሦስት ጥፋቶቼ ከፋፍዬዋለሁ። እያንዳንዱ ጥፋት አንድ ነገር አሳጥቶኛል፤ እያንዳንዱም አንድ ሕግ ትቶልኛል።

ሣጥኑ እንዴት መጣ?

ማክሰኝት ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከጎንደር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የጎንደር ዙሪያ ወረዳ ከተማ መሆኗን አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። ስሟ ማክሰኞን ያስታውሳል። አጎቴ በወጣትነታቸው በአስመራና በጎንደር መካከል፣ በተለምዶ ኤንትሬ የሚባለውን የፊያት የጭነት መኪና ያሽከረክሩ ነበር። ከጉዟቸው በአንዱ ይህን ሣጥን ከአስመራ ገዝተው፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ አቀበት አሳልፈው አመጡት። መኪናውን ትተው በማክሰኝት ቡና ቤት ሲከፍቱም በአዳራሹ ጥግ አቆሙት።

በዚያን ጊዜ በቡና ቤቱ የመብራት መስመር አልገባም ነበር፤ ሣጥኑ የሚሠራው ጓሮ በተቀመጠ ጄኔሬተር ነበር። ማሽኑ የሚያውቀው የአሜሪካን ሳንቲም ብቻ በመሆኑ አጎቴ ከሣጥኑ ጋር አብረው የተገዙ ጥቂት የአሜሪካ ሳንቲሞች ነበሯቸው። ደንበኛው 10 ሳንቲም ይከፍላል፤ በምትኩ አንዷን የአሜሪካ ሳንቲም ይቀበላል፤ ወደ ሣጥኑ ይጨምራትና ዘፈኑን ይመርጣል። ማታ ሣጥኑ ተከፍቶ ሳንቲሞቹ ይለቀማሉ፤ በማግሥቱ እንደገና ይታደላሉ። ልጅ ሳለሁ የማደሉ ሥራ የእኔ ነበር።

በሣጥኑ ውስጥ የነበሩት በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ ትንንሽ ሸክላዎች ነበሩ። ይህ ዓይነት ሸክላ በአሜሪካ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። በአገራችን የሸክላ ታሪክ ግን ከዚያ በፊት ይጀምራል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ወደ ጀርመን አገር ተልከው ስለ አውቶሞቢል መካኒክነት በተማሩበት ጊዜ ድምፃቸው በዚያው በሸክላ ተቀርጿል። የመጀመሪያዎቹን የአማርኛ ሸክላዎች ያስቀረጹት ሰው ሞተር ሊማሩ የሄዱ ሰው መሆናቸው ለዛሬው ርእሳችን የሚስማማ ነገር ይመስለኛል። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ሸክላ የማሳተም ብቸኛ መብት በሕግ ለሐገር ፍቅር ተሰጥቶ ሳለ፣ አቶ አምሐ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ገደማ አምሐ ሪከርድስን አቋቋሙ። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ከመቶ በላይ ባለ 45 ሸክላዎችን አሳተሙ። ካይፋ ሪከርድስና ፊሊፕስም በዚያው ዘመን ይሠሩ ነበር። ከዚያ ካሴት መጣ፤ ሸክላውም ሣጥኑም ወደ ጓዳ ገቡ።

እንቆቅልሹ

አሁን ወደ ርእሴ ጥያቄ ልመለስ። አንድ ቀን የመብራት መስመር ወደ ቡና ቤቱ ገባ፤ ጄኔሬተሩ ተዘጋ። በዚያው ምሽት ሣጥኑ ሲከፈት ሁላችንም የምናውቀው ወጣት ዘፋኝ በሽማግሌ ድምፅ ዘፈነ። ዘፈኑ ተጎተተ፤ ከበሮው ደከመ። አጎቴ ለደንበኞቻቸው «መብራት ሲገባ ዘፋኙ ሸመገለ» አሉ፤ ሁሉም ሳቀ። ከሳምንት በኋላ ግን ዘፋኙ ወጣትነቱ ተመለሰለት። እኔ ልጅ ነበርሁና ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። አለመጠየቄ ኋላ ዋጋ አስከፍሎኛል።

አጎቴ ካረፉ ከዓመታት በኋላ፣ በ2004 ዓ.ም. ክረምት፣ ባለቤታቸው «ይህን ሣጥን ወይ አሠራው ወይ አውጣልኝ» አሉኝ። ሣጥኑ በጓዳ ውስጥ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፍኖ ቆሟል። ከኋላው የተለጠፈው የብረት ሰሌዳ «117 ቮልት፣ 60 ሳይክል» ይላል። ካቻቢቴዬን፣ ፒንሳዬንና ቴስተሬን ይዤ ተቀመጥሁ።

የጁክቦክስን ሆድ ከፍቶ ለማያውቅ ሰው ነገሩ የሚያስፈራ ይመስላል። ነገር ግን በሦስት ክፍል ከፍሎ ማየት ይቻላል። አንደኛው መምረጫው ነው፤ ሳንቲምና ቁልፍ ተቀብሎ የትኛው ሸክላ እንደ ተመረጠ የሚይዘው ክፍል። ሁለተኛው አንቀሳቃሹ ነው፤ ሸክላውን ከመደርደሪያው አንስቶ ሳህኑ ላይ የሚያሳርፈው፣ ሳህኑንም የሚያዞረው ክፍል። ሦስተኛው ድምፅ ሰጪው ነው፤ ከመርፌው የሚነሣውን ደካማ ምልክት አጉልቶ ወደ ድምፅ ማጉያው የሚልከው ክፍል። ብልሽት ሲያጋጥም የመጀመሪያው ጥያቄ ከሦስቱ የትኛው ነው የሚል መሆን አለበት። ሸክላው ተነሥቶ፣ ዞሮ፣ መርፌው አርፎ ድምፅ ከሌለ ጥፋቱ በሦስተኛው ክፍል ነው፤ መምረጫውን መነካካት አያስፈልግም። ሸክላው ጭራሽ ካልተነሣ ደግሞ ድምፅ ማጉያውን መፍታት ጊዜ ማባከን ነው።

የመጀመሪያው ጥፋት፦ ችኮላ

የመጀመሪያው ጥፋቴ የተፈጸመው በዚህ ሣጥን ላይ አይደለም፤ ከእርሱ በፊት በነበረ የቤተሰብ ሬዲዮ ላይ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ ለብዙ ዓመታት ያልተከፈተ ባለ አምፖል ሬዲዮ አገኘሁ። አቧራውን ጠርጌ በቀጥታ ከግድግዳው መብራት ጋር አገናኘሁት። ለጥቂት ሰከንድ በራ፤ ከዚያ አጉረመረመ፤ ከዚያ ጭስ ወጣ። ትራንስፎርመሩ ተቃጠለ፤ ምትክም አልተገኘለትም።

ምክንያቱ ይህ ነው። በእንዲህ ዓይነት መሣሪያ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሙላት የሚያጠራቅሙ ካፓሲተሮች አሉ። በውስጣቸው ያለው እጅግ ስስ የመከላከያ ሽፋን ጸንቶ የሚቆየው መሣሪያው በየጊዜው ሲሠራ ነው። ለዓመታት ሲቀመጥ ሽፋኑ ይሳሳል፤ ውስጡም ይደርቃል። በድንገት ሙሉ ቮልት ሲመጣበት ያግድ የነበረውን ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤ ይግላል፤ ከበስተጀርባው ያለውን ትራንስፎርመርም ይዞ ይጠፋል። መሣሪያው እስከዚያች ቀን ድረስ ሊድን ይችል ነበር፤ የገደለው የእኔ ጉጉት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ፦ ለረጅም ጊዜ የተኛን ማሽን በአንድ ጊዜ አትቀስቅሱ።

በአጎቴ ሣጥን ላይ ያደረግሁት እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ያለ ኤሌክትሪክ ሁሉንም በዓይን ተመለከትሁ፤ አይጥ የበላው ሽቦ፣ ያበጠ ካፓሲተር፣ የጠቆረ ቦታ ፈለግሁ። ቀጥሎ በድምፅ ማጉያው ውስጥ ያሉትን አሮጌ ካፓሲተሮች በተመሳሳይ መጠን በአዳዲስ ተካሁ። ከዚያ በኋላ ባለ 100 ዋት ተራ አምፖል በመስመሩ መሐል አስገባሁ፤ ኤሌክትሪኩ ወደ ማሽኑ ለመድረስ በአምፖሉ ውስጥ ማለፍ ግድ ሆነበት። በማሽኑ ውስጥ ሽቦ ከሽቦ ተነካክቶ ከሆነ አምፖሉ ደምቆ ይበራና አደጋውን በራሱ ላይ ይወስዳል። ለአፍታ በርቶ ከደበዘዘ ግን መልካም ምልክት ነው። አምፖሉ ደበዘዘ።

ለተማሪዎቼ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በእነዚህ ማሽኖች ውስጥ ከ300 ቮልት በላይ የሚደርስ ኃይል አለ፤ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም በካፓሲተሮቹ ውስጥ ይቆያል። ማሽኑ ጠፍቷል ማለት ባዶ ነው ማለት አይደለም። ሙላቱን በተገቢ ሬዚስተር አፍስሳችሁ፣ በቴስተር ለክታችሁ ዜሮ መሆኑን ካላረጋገጣችሁ እጃችሁን አታስገቡ። ብቻችሁንም ሆናችሁ አትሥሩ።

ሁለተኛው ጥፋት፦ አንድ ቃል

በሣጥኑ ወለል ላይ፣ ከትንንሾቹ ሸክላዎች ተለይቶ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ትልቅና ከባድ ሸክላ አገኘሁ። የአያቴ ነበር። በላዩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ደብዝዞ የተጫዋቹ ስም አይነበብም። የአጎቴ ባለቤት ግን የመሰንቆ ዜማ እንደ ነበረና አያቴ በበዓል ቀን ብቻ ያስከፍቱት እንደ ነበር ነገሩኝ። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው ዓይነት ስለ ሆነ ጁክቦክሱ ሊያጫውተው አይችልም፤ ለማስቀመጫነት ብቻ ነው እዚያ የገባው።

ትንንሾቹን ሸክላዎች ሳጸዳ ሰንብቻለሁ። ለጠነከረው ቆሻሻ ጥቂት የሕክምና አልኮል በጨርቅ እየነካሁ እጠርግ ነበር፤ ምንም አልሆኑም። ይህም ሸክላ ነው ብዬ በዚያው ጨርቅ ጠረግሁት። ጨርቁ ጠቆረ። ቆሻሻው ለቀቀ ብዬ ደስ አለኝ፤ ደግሜም ጠረግሁት። ሲደርቅ ያብረቀርቅ የነበረው ገጽ አመድ መስሎ ነበር። በጨርቁ ላይ የቀረው ጥቁር ነገር ቆሻሻ አልነበረም፤ ዜማው ራሱ ነው።

በቋንቋችን ሁለቱንም ሸክላ እንላቸዋለን፤ ነገር ግን የተሠሩበት ነገር ፈጽሞ የተለያየ ነው። ባለ 78ቱ አሮጌ ሸክላ የሚሠራው ሼላክ ከሚባል፣ ትንንሽ ነፍሳት በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ከሚያወጡት ሙጫ ሲሆን፣ በውስጡ የደቀቀ ድንጋይ ይደባለቅበታል። ሼላክ በአልኮል ይሟሟል፤ አናጢዎች ለእንጨት ማስዋቢያ የሚጠቀሙበት እንዲህ በማሟሟት ነው። ባለ 45ቱ ግን በአብዛኛው ቪኒል የሚባል ፕላስቲክ ስለ ሆነ ጥቂት አልኮል ያን ያህል አይጎዳውም። አንደኛው ሲወድቅ እንደ ገል ይሰበራል፤ ሌላው ይለመጣል። በአንደኛው ላይ የሚያርፈው መርፌ ጫፉ ከሌላው ሦስት እጥፍ ያህል ይሰፋል። ይህን ሁሉ የሚሸፍን አንድ ቃል ነበረኝ፤ ቃሉን ስለማውቅ ነገሩን የማውቅ መሰለኝ።

ሁለተኛው ሕግ፦ የምትነኩትን ነገር ስሙን ሳይሆን ከምን እንደ ተሠራ ጠይቁ።

በቤታችሁ አሮጌ ሸክላ ያላችሁ አልኮል አታስጠጉት። የተጣራ ውሃ፣ ጥቂት ጠብታ ለስላሳ ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። የመስመሮቹን አቅጣጫ ተከትላችሁ ጥረጉ፤ መሐሉ ላይ የተለጠፈው ወረቀት አይራስ፤ በጥላ ሥር ይድረቅ። የማይተካ ሸክላ ከሆነም በጁክቦክስ አታጫውቱት። የጁክቦክስ መርፌ ከባድ ነው፤ የተሠራው ለጫጫታ ቤትና በየጊዜው ለሚለወጥ ሸክላ ነው።

ሦስተኛው ጥፋት፦ ቆሻሻ የመሰለኝ ነገር

ወደ እንቆቅልሹ ደርሰናል። ኤሌክትሪኩ ደኅና ከሆነ በኋላ ወደ አንቀሳቃሹ ክፍል ተመለስሁ። አሮጌው ግራሶ እንደ ሰም ደርቆ የሸክላ ማንሻውን ክንድ ይዞታል። በጉልበት አልገፋሁትም፤ በቀስታ ጠርጌ፣ አዲስ ዘይት በጠብታ አስገብቼ ለቀቅሁት። የሞተሩን ዘንግም አጸዳሁ። በዘንጉ ጫፍ ላይ፣ የጎማው መንኮራኩር በሚነካበት ቦታ፣ የበሰበሰና የተጣበቀ ጨርቅ መሰል ነገር ተጠምጥሞ ነበር። በምላጭ ፍቄ አነሣሁትና ከአቧራው ጋር ጣልሁት። ብረቱ ሲያበራ በሥራዬ ረካሁ።

ኤሌክትሪኩን ከ220 ወደ 110 ቮልት በሚያወርድ ትራንስፎርመር በኩል ሰጥቼ ሣጥኑን ከፈትሁት። ክንዱ ሸክላውን አነሣ፤ መርፌው አረፈ፤ ዘፋኙ ዘፈነ፤ በሽማግሌ ድምፅ።

አንድ ምልክት ብዙ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ምርመራ ማለትም ምክንያቶቹን የሚለያዩበትን ነገር መፈለግ ነው። ሸክላ ቀስ ብሎ የሚዞርባቸው የተለመዱ ምክንያቶች ሦስት ናቸው። ግራሶ ጠጥሮ ከሆነ ማሽኑ ሲሞቅ ፍጥነቱ እየተሻሻለ ይሄዳል። ጎማው ደርቆ የሚንሸራተት ከሆነ ፍጥነቱ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላል። ዜማው በእኩል ጊዜ እየተመላለሰ የሚወላገድ ከሆነ ደግሞ ጊዜውን መቁጠር ነው፤ በየ1.33 ሰከንድ፣ ማለትም በየአንድ ዙር፣ የሚመላለስ ከሆነ የሸክላው ቀዳዳ ከመሐል ወጥቷል ማለት ነው፤ ከዚያ ፈጥኖ የሚመላለስ ከሆነ ጥፋቱ በትንሹ የጎማ መንኮራኩር ላይ ነው። የእኔ ሣጥን ግን ከእነዚህ አንዱንም አላሳየም። ሲሞቅም ሲቀዘቅዝም፣ ዛሬም ነገም፣ በእኩል መጠን ዘገምተኛ ነበር። ሦስት ቅዳሜ ግራሶውንና ጎማውን ስመላለስባቸው ከረምሁ።

በአራተኛው ቅዳሜ ተማሪዎቼን የማዛቸውን ነገር እኔ ራሴ አደረግሁ፤ ለካሁ። በሸክላው ጠርዝ ላይ ነጭ ወረቀት ለጥፌ፣ ሰዓቴን ይዤ፣ ለሁለት ደቂቃ ዙሩን ቆጠርሁ። 90 መሆን ሲገባው 75 ሆነ። 75ን ለ90 ማካፈል 5ን ለ6 ማካፈል ነው፤ 50ን ለ60 ማካፈልም እንዲሁ። ዞር ብዬ ከሣጥኑ ጀርባ ያለውን ሰሌዳ አየሁ፤ 60 ሳይክል።

በአሜሪካ የመብራት ኤሌክትሪክ በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፤ በእኛ አገር 50 ጊዜ። የእንዲህ ዓይነቱን ሞተር ፍጥነት በዋናነት የሚወስነው ቮልቱ ሳይሆን ይህ ድግግሞሽ ነው። ትራንስፎርመር ቮልትን ይለውጣል፤ ድግግሞሽን ግን አይነካም። ስለዚህ ማሽኑ ምንም አልተበላሸም ነበር። የሦስት ደቂቃው ዘፈን 3 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ይወስድ የነበረው፣ ድምፁም ከሦስት ግማሽ ቃና ትንሽ በለጥ ብሎ የወረደው፣ ለሌላ አገር የተሠራ ማሽን በእኛ አገር ኤሌክትሪክ ስለ ዞረ ነው።

ታዲያ በጄኔሬተሩ ዘመን ለምን ደኅና ነበር? ጄኔሬተሩ በጓሮ ዝጎ ተጥሎ ነበርና ሄጄ አየሁት። ሰሌዳው 50 ሳይክል፣ በደቂቃ 3000 ዙር ይላል። ነገር ግን የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ብሎን ከተለመደው ቦታ በላይ ጠብቆ፣ ቦታውም በቀይ ቀለም ተመልክቷል። በደቂቃ ወደ 3600 ዙር ከፍ ሲል 60 ሳይክል ይሰጣል። አጎቴ ስለ ድግግሞሽ የተማሩት ነገር አልነበረም። ዘፋኙ ራሱን እስኪመስል ድረስ በጆሯቸው እየሰሙ ብሎኑን አጥብቀው ምልክት አድርገውበታል።

ይህን ሁሉ በደስታ ለአጎቴ ባለቤት አስረዳሁ። መፍትሔውንም ነገርኋቸው፤ የሞተሩ ዘንግ በአንድ አምስተኛ ቢወፍር መንኮራኩሩን በዚያው ልክ አፍጥኖ ያዞረዋል፤ 5 ሚሊ ሜትር የነበረው 6 ይሆናል ማለት ነው። እርሳቸው ቡናውን እየቀዱ በጸጥታ ሰሙኝ። ከዚያ «ያችን ፕላስተርሳ? ጣልሃት እንዴ ልጄ?» አሉኝ።

መብራት በገባበት ሳምንት አጎቴ ከጤና ጣቢያ የቁስል ፕላስተር ለምነው አመጡ። ጠባብ አድርገው ቀድደው በዘንጉ ላይ ጠመጠሙት። ባለቤታቸው ከጓዳ ሆነው ዘፈኑን ያዳምጣሉ፤ «ገና ነው» ይላሉ፤ አንድ ዙር ይጨመራል፤ «አሁን አለፈ» ይላሉ፤ ይቀነሳል። እንዲህ ሲሉ አምሽተው፣ በመጨረሻ ባለቤታቸው «እርሱ ነው» አሉ። ዘፋኙ ወጣትነቱ የተመለሰለት በዚህ ነው። እኔ በሦስት ቅዳሜና በአንድ ስሌት የደረስሁበትን እነርሱ በአንድ ምሽት በጆሮ ደርሰውበታል። እኔ ደግሞ ያንን መልስ ቆሻሻ ነው ብዬ በምላጭ ፍቄ ጥዬዋለሁ።

ሦስተኛው ሕግ፦ ከእናንተ በፊት የነካ ሰው ምን እንዳደረገ ሳታውቁ አታጽዱ።

ከዚህ ምን እንማራለን?

በጎንደር ካሉት ቶርኖ ቤቶች በአንዱ ከነሐስ የተሠራ ቀጭን ቀለበት አስቀረጽሁ። በዘንጉ ላይ የሚቆመው በአንዲት ትንሽ ብሎን ነው፤ አልተበየደም፣ አልተጣበቀም። ነገ ከእኔ የተሻለ መፍትሔ ያለው ሰው ቢመጣ ብሎኗን ፈትቶ ማሽኑን እንደ ነበረ ያገኘዋል። እንደገና ቆጠርሁ፤ በሁለት ደቂቃ 90። ከዚያ በሣጥኑ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ አንድ ወረቀት ለጠፍሁ። ምን እንደ ተለወጠ፣ ለምን እንደ ተለወጠ፣ በየትኛው ቀን እንደ ተለወጠ ጻፍሁበት። የመጀመሪያው መስመር ግን ስለ እኔ ሥራ አይደለም፤ «በዚህ ዘንግ ላይ አስቀድሞ የባለቤቱ ፕላስተር ነበረ» ይላል።

ይህ ነገር ከአንድ ቡና ቤት ትዝታ ያልፋል የምለው በሚከተለው ምክንያት ነው። ዛሬ ብዙ ወጣቶች በየቤቱ ያሉ አሮጌ ሸክላዎችን ወደ ኮምፒውተር እየገለበጡ ነው። ሥራው የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ማጫወቻው በተሳሳተ ፍጥነት የሚዞር ከሆነ የሚገለበጠው ነገር ሐሰት ይሆናል፤ ሐሰትነቱም በቀላሉ አይያዝም። ፍጥነቱ እኩል እስከ ወረደ ድረስ ድምፆቹ ሁሉ በአንድ ልክ ይወርዳሉና በመካከላቸው ያለው ርቀት አይለወጥም። ትዝታው ትዝታ፣ ባቲው ባቲ ሆኖ ይቀጥላል። ጆሮ የሚይዘው ቅኝት ትክክል ስለ ሆነ ሰሚው አይጠራጠርም። የሚለወጠው የዘፋኙ ማንነት ነው፤ ድምፁ፣ ዕድሜው፣ የዜማው ፍጥነት፣ ክራሩና መሰንቆው የተቃኙበት መነሻ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ አንድ ተማሪ ያንን ቅጂ ለክቶ «የዚያ ዘመን አዝማሪዎች ክራራቸውን እንዲህ ዝቅ አድርገው ይቃኙ ነበር» ብሎ የመመረቂያ ጽሑፍ ሊጽፍ ይችላል። ማስረጃው በእጁ ይኖራል፤ ማስረጃው ግን ስለ አዝማሪው ሳይሆን ስለ አንድ ሞተር ይሆናል።

ስለዚህ ሸክላ የምትገለብጡ ተማሪዎች ሆይ፣ ከመገልበጣችሁ በፊት ቁጠሩ። አንድ ቁራጭ ወረቀትና አንድ ሰዓት ይበቃል። የማጫወቻውን ፍጥነት፣ የመርፌውን ዓይነትና ቀኑን ከቅጂው ጋር ጻፉ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ሸክላውን ያቆዩትን እናት ወይም አባት አጠገባችሁ አስቀምጡና «ድምፁ እርሱ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የአጎቴ ባለቤት ጆሮ ከቴስተሬ በፊት መልሱን ያውቅ ነበር። እንዲህ ያለ ጆሮ ያላቸው ሰዎች በየዓመቱ እየቀነሱ ነው፤ መለኪያው የሚጠፋው ከእነርሱ ጋር ነው።

በትምህርት ዓለም ውስጥ ያለን ሰዎች ያልገባንን ነገር ስሕተት ወይም ኋላ ቀርነት ብለን ለመጥረግ እንቸኩላለን። የእኔ ጥፋት በአንድ ፕላስተር ላይ ስለ ሆነ በነሐስ ቀለበት ተካሁት። በገበሬው ማሳ፣ በሐኪም ቤት፣ በሕግ ረቂቅ ላይ እንዲህ ያለ ፕላስተር ሲያጋጥመን ግን ምትኩ ያን ያህል ላይቀልል ይችላል። የማያምር፣ የበሰበሰ፣ ማንም ያልጻፈለት መፍትሔ ሲያጋጥመን ምላጩን ከማንሣታችን በፊት «ይህ ለምን እዚህ ተደረገ?» ብለን የሚመልስልን ሰው መፈለግ ይገባናል።

የአያቴ ሸክላ አልተመለሰም። በሥራ ክፍሌ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ቢሮዬ የመጣችሁ ተማሪዎች ያን አመድማ ክብ ነገር ምንነት ጠይቃችሁኝ ታውቃላችሁ። መልሱ ይህ ነበር። ሣጥኑ ግን በማክሰኝት ቆሟል፤ ይሠራል። የአሜሪካዎቹ ሳንቲሞች ሰባት ቀርተዋል። የአጎቴ ባለቤት እንግዳ ሲመጣ አንዷን ያድሉታል፤ ሲወጣ ግን ተቆጥረው ይመለሳሉ።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።